ውሃ ቀመሩን እስኪያገኝ ድረስ

በ1615 ፓሪስ ውስጥ የመድኃኒት ቅመማ የሚያስተምር ዣን ቤጊን የተባለ ሰው በመማሪያ መጽሐፉ አዲስ እትም ላይ አንድ ንድፍ አሰፈረ። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንድፉ ሁለት ነገሮች አብረው ሲሞቁ ምን እንደሚፈጠር ለተማሪዎች የሚያሳይ ነበር። አንደኛው ዛሬ የባዜቃና የክሎሪን ውህድ መሆኑ የሚታወቀው ብርቱ መርዝ ነው። ሁለተኛው ከጥንት ጀምሮ ለዓይን ኩል ሲያገለግል የኖረው የአንቲሞኒና የድኝ ማዕድን ነው። ቤጊን ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ባልንጀራ እንደሚነጥቅ ገብቶታል። ድኙ ከአንቲሞኒው ተላቆ ባዜቃውን ይይዛል፤ ባዜቃው የተወው ክፍል ደግሞ ከአንቲሞኒው ጋር ተጣምሮ ይተናል። ይህንን ሁሉ ስሞቹን በመስመር እያያያዘ በአንድ ገጽ ላይ አሳየ።

ንድፉ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የኬሚካል እኩልታ ተብሎ ይጠራል። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ በትክክል ይናገራል፤ ምን ያህሉ ከምን ያህሉ ጋር እንደሚሄድ ግን አይናገርም። የዛሬ ተማሪ ይህንኑ ለውጥ ሲያመጣጥን ሦስት የባዜቃ ክሎራይድ ከአንድ አንቲሞኒ ሰልፋይድ ጋር ተገናኝቶ ሦስት የባዜቃ ሰልፋይድና ሁለት አንቲሞኒ ክሎራይድ ይሰጣል ብሎ ይጽፋል። ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት። እነዚህን ትንንሽ ቁጥሮች በእርግጠኝነት ለመጻፍ ወደ 250 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ጠየቀ።

ሥራው የተጀመረው በሚዛን ነው። የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር በትልቅ ገንቦ ሞልቶ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። ለአምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ሲነቅለው ዛፉ 169 ፓውንድ ከጥቂት አውንስ መዘነ፤ አፈሩ የጎደለው ሁለት አውንስ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ግንዱም፣ ቅርፊቱም፣ ሥሩም ከውሃ የተሠሩ ናቸው ብሎ ደመደመ። ሙከራው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1648 ነው። ሂሳቡ ንጹሕ ነበር፤ መዝገቡ ግን ጎዶሎ ነበር፤ ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልተጻፈበትም። የሚያስገርመው፣ ከሰል ሲነድ አብዛኛው ክብደቱ በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ እንደሚሄድ ያስተማረው ራሱ ቫን ሄልሞንት ነው። 62 ፓውንድ የኦክ ዛፍ ከሰል 1 ፓውንድ አመድ ብቻ እንደሚተው ጽፏል። ያ ጋዝ ተመልሶ ወደ ዛፉ ይገባል የሚለው ሐሳብ ግን አልመጣለትም።

ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ጋዝ ከመዝገቡ ውጭ ሆኖ ቆየ። ቆርቆሮና እርሳስ በአየር ሲቃጠሉ ክብደት እንደሚጨምሩ በ1630 ፈረንሳዊው ዣን ሬ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው። በ1756 ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ አንድ ትልቅ እርምጃ ወሰደ። የማግኒዝየም ካርቦኔት ዱቄት ሲሞቅ የሚያጣውን ክብደት መዘነ፤ የጎደለው በጠንካራው ነገር ውስጥ ታስሮ የነበረ ጋዝ መሆኑን አሳየ፤ ጋዙንም መልሶ ከዱቄቱ ጋር አገናኘው። ከብላክ በኋላ ጋዝ ተይዞ የሚመዘን ነገር ሆነ።

አንቷን ላቮዋዚዬ ወደ ኬሚስትሪ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በ1743 ፓሪስ ተወለደ፤ የተማረው ሕግ ነው። ለንጉሡ ግብር በሚሰበስበው ማኅበር ድርሻ ገዝቶ ሀብት አካበተ፤ ያንን ሀብት በዘመኑ አቻ ያልነበራቸውን ሚዛኖች ለማሠራት አዋለው። በ1771 የሥራ ባልደረባውን ልጅ ማሪ አንን አገባ። የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። በኋላ የእንግሊዞቹን ጽሑፍ ወደ ፈረንሳይኛ የምትመልስለት፣ የመሣሪያዎቹን ሥዕል የምትሠራለት፣ የሙከራውን ቁጥር የምትመዘግብለት እሷ ሆነች። የባሏ ሥራ ዛሬ በዝርዝር የሚታወቀው በአመዛኙ በእሷ እጅ ምክንያት ነው።

በኅዳር 1772 ላቮዋዚዬ ለሳይንስ አካዳሚው የታሸገ ማስታወሻ ሰጠ። ድኝና ፎስፈረስ ሲቃጠሉ ክብደታቸው እንደሚጨምር፣ ጭማሪውም ከአየር የመጣ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። የትኛው የአየር ክፍል እንደሆነ ግን ገና አልለየም። በጥቅምት 1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ወደ ፓሪስ መጥቶ አብረው እራት በሉ። ፕሪስትሊ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ቀይ የባዜቃ ዱቄት ላይ የፀሐይ ብርሃንን በመስታወት አተኩሮ ሻማ የሚያንቦገቡግ ጋዝ ማግኘቱን ተረከ። ላቮዋዚዬ ወሬውን ወደ ሚዛኑ ወሰደው።

የሠራው ሙከራ በቀላልነቱ ያማረ ነው። 4 አውንስ ባዜቃ ከ50 ኩቢክ ኢንች አየር ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ 12 ቀን አሞቀ። አየሩ ወደ 42 ኩቢክ ኢንች ወረደ፤ በባዜቃው ላይም ቀይ ዱቄት ተንሳፈፈ። ዱቄቱን ለቅሞ ሲመዝነው 45 ግሬይን ሆነ። እሱን ብቻውን አብልጦ ሲያሞቀው 41.5 ግሬይን ባዜቃና ከ7 እስከ 8 ኩቢክ ኢንች ጋዝ ሰጠ፤ የጠፋው አየር ተመለሰ ማለት ነው። ለጋዙ የቀረው ክብደት 3.5 ግሬይን ነው። በዛሬው የአቶም ክብደት ከተሰላ 45 ግሬይን ቀይ ዱቄት ውስጥ 41.7 ግሬይን ባዜቃ አለ። አቶም ያልቆጠረ ሰው በሚዛንና በትዕግሥት ብቻ እስከዚህ ቀረበ።

በ1783 ውሃ ንጥረ ነገር ሳይሆን የሁለት ጋዞች ውህድ መሆኑን አሳወቀ፤ በ1787 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ለኬሚካል ነገሮች አዲስ የስም ሥርዓት አወጣ። በ1789፣ የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ ታላቁ የመማሪያ መጽሐፉ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ታሪክ ወሳኝ ገጽ ያለው ስለ ብረት ወይም ስለ አሲድ በሚያወራው ክፍል ውስጥ አይደለም። ያለው ስለ ወይን መፍላት በሚያወራው ክፍል ነው። ስኳር በእርሾ ፈልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ማር በጌሾ ተጠንስሶ ጠጅ ሲሆን የሚካሄደውም ይኸው ለውጥ ነው። ላቮዋዚዬ 400 ፓውንድ ውሃ፣ 100 ፓውንድ ስኳርና 10 ፓውንድ እርሾ፣ በድምሩ 510 ፓውንድ አድርጎ አሰላ፤ ከዚያ የወጣውን ሁሉ፣ የተረፈውን ስኳር ሳይቀር፣ እስከ ግሬይን ድረስ ደምሮ 510 ላይ አደረሰው። ከማንኛውም ለውጥ በፊትና በኋላ ያለው የቁስ መጠን እኩል ነው፤ ኬሚስቱም በግራ የገባውን፣ በቀኝ የወጣውን አስቀምጦ እንደ አልጀብራ ሊሠራበት ይችላል አለ። በዚያው ገጽ የወይን ጭማቂን በአንድ ወገን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና አልኮልን በሌላው ወገን አድርጎ በመካከላቸው የእኩል ምልክት ጻፈ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1794፣ ግብር ሰብሳቢ በመሆኑ ተከሶ በጊሎቲን ተገደለ።

የእኩል ምልክቱ ቀረ። ጀርመናዊው ዬሬሚያስ ሪክተር ከ1792 ጀምሮ ባሳተማቸው ጥራዞች ምን ያህል አሲድ ምን ያህል ቤዝ እንደሚያረክስ በሰንጠረዥ አስቀመጠ፤ ዛሬ ስቶይኪዮሜትሪ የሚባለውን የትምህርት ክፍል ያቋቋመው እሱ ነው። በስፔን የሚሠራው ዦዜፍ ፕሩስት ደግሞ የመዳብ ካርቦኔት ከምድር ተቆፍሮም ይውጣ በቤተ ሙከራ ይሠራ፣ የመዳቡ፣ የካርቦኑና የኦክስጅኑ ድርሻ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን ሁለቱም ሊያስረዱ አልቻሉም።

ማንቸስተር ውስጥ ልጆች እያስተማረ የሚኖረው ጆን ዳልተን በ1808 መልስ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ባላቸው፣ በማይከፈሉ አቶሞች የተሠራ ነው፤ ውህድ ማለት የእነዚህ አቶሞች ጥምረት ነው። ነጥብ ያለባት ክብ ሃይድሮጅን፣ ባዶዋ ክብ ኦክስጅን፣ የጠቆረችው ካርቦን ሆኑ። ተማሪ ግራና ቀኙን በዓይኑ እየቆጠረ ማመጣጠን የሚችልበት የመጀመሪያ አጻጻፍ ይህ ነበር። ችግሩ ዳልተን በአንድ ውህድ ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣ፤ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንድ ውህድ ብቻ ካላቸው አንድ ለአንድ ተጣምረዋል ማለት ነው። በእሱ ዘመን የሚታወቀው የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውህድ ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ሆነ።

ይህ ስሕተት ለምን ግማሽ ምዕተ ዓመት እንደዘለቀ ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። የተሻሻለውን የዘመኑን ልኬት ይዞ ሃይድሮጅንን 1፣ ኦክስጅንን 8 ያለ ሰው የውሃን መፈጠር እንዲህ ይጽፋል፦ 1 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን = 1 ውሃ። ክብደቱ 1 ሲደመር 8፣ 9 ነው። አቶሙም እኩል፣ ክብደቱም እኩል። የዛሬው ተማሪ የሚጽፈው ደግሞ 2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን → 2 ውሃ ነው፤ የሁለቱም ጋዞች ቅንጣት ጥንድ አቶም፣ የኦክስጅን አቶምም 16 ነውና ክብደቱ 4 ሲደመር 32፣ 36 ይሆናል። ሁለቱም ፍጹም የተመጣጠኑ ናቸው። ሚዛን ብቻውን የትኛው እውነት እንደሆነ ሊፈርድ አይችልም፤ ምክንያቱም በሁለቱም 9 እጅ ውሃ ውስጥ 8 እጁ ኦክስጅን ነው። ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

ምስክሩ የመጣው ከጋዝ ይዘት ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ጌ-ሉሳክ በ1808 መጨረሻ ጋዞች የሚዋሃዱት በቀላል የይዘት ድርሻ መሆኑን ለፓሪስ ሳይንቲስቶች አሰማ። 2 ሊትር ሃይድሮጅን ከ1 ሊትር ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ 2 ሊትር የውሃ እንፋሎት ይሰጣል። 3 ሊትር ሃይድሮጅን ከ1 ሊትር ናይትሮጅን ጋር 2 ሊትር አሞኒያ ይሰጣል። ልብ ላለው ሰው እነዚህ 2፣ 1፣ 2 እና 3፣ 1፣ 2 የተባሉት ቁጥሮች ዛሬ በእኩልታው ፊት የሚጻፉት ራሳቸው ናቸው። የሞለኪውል ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት መልሱ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዳልተን አልተቀበለም፤ ምክንያትም ነበረው። 1 ሊትር ኦክስጅን 2 ሊትር እንፋሎት ከሰጠ፣ በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ቅንጣት ካለ፣ አንድ የኦክስጅን ቅንጣት ለሁለት ውሃ መዳረስ አለበት። ግማሽ አቶም ደግሞ የለም። በ1811 በሕግ የተመረቀውና በቬርቼሊ ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምረው አሜዴኦ አቮጋድሮ ቋጠሮውን ፈታው። የኦክስጅን ቅንጣት አንድ አቶም አይደለም አለ፤ ሁለት ተጣምረው ሞለኪውል ሆነው ነው፤ በለውጡ ጊዜ የሚሰነጠቀው አቶሙ ሳይሆን ጥምረቱ ነው። ይህ ሐሳብ ሲገባ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ይሁንና አቮጋድሮ ከዋናዎቹ የሳይንስ ከተሞች ርቆ የሚኖር፣ አጻጻፉም የሚከብድ ሰው ነበርና ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ሐሳቡን ለመቀበል ካልፈለጉት አንዱ በዘመኑ ከሁሉም ይበልጥ የሚከበረው ስዊድናዊው ያኮብ በርዜሊየስ ነው። በርዜሊየስ አቶሞችን የሚያጣምራቸው የኤሌክትሪክ ተቃራኒነት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሁለት ኦክስጅኖች አንድ ዓይነት በመሆናቸው መገፋፋት እንጂ መያያዝ የለባቸውም። በዚህ ጉዳይ ተሳስቷል። ውለታው ግን ከስሕተቱ ይበልጣል። ስቶክሆልም ውስጥ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ባለች ቤተ ሙከራው በሁለት ሺህ የሚገመቱ ውህዶችን መረመረ፤ የሚሠራባቸውን ዕቃዎች የምታጥበው የቤት ሠራተኛው አና ነበረች። በ1813 እና 1814 ባሳተማቸው ጽሑፎች ደግሞ የዳልተንን ክቦች በፊደል ተካቸው፤ የንጥረ ነገሩ የላቲን ስም መነሻ ፊደል ምልክቱ ይሆናል፣ የአቶሙ ቁጥር ከአጠገቡ ከፍ ብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ወደ ታች ያወረደው በ1834 ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ ነው። ዳልተን አዲሱን አጻጻፍ እስኪሞት ድረስ ጠላው፤ ለጀማሪ ተማሪ ዕብራይስጥ ከመማር አይቀልም እስከማለት ደርሷል።

የጌ-ሉሳክ ጥንቃቄ በሌላም በኩል ዋለ። በ1815 የላቮዋዚዬን የመፍላት ሂሳብ መልሶ አየው። ላቮዋዚዬ ስኳር ውስጥ 28 በመቶ ካርቦን ብቻ አለ ብሎ ነበር፤ ትክክለኛው 42 በመቶ ያህል ነው። ያ ሁሉ እስከ ግሬይን የተደመረ ሰንጠረዥ እኩል የመጣው ስሕተቶቹ እርስ በርስ ስለተጣፉ ነው። ጌ-ሉሳክ 100 እጅ ስኳር 51.34 እጅ አልኮልና 48.66 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል አለ። ዛሬ ከአንድ ግሉኮስ ሁለት አልኮልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለው እኩልታ የሚሰጠው 51.1 እና 48.9 ነው።

በ1850ዎቹ ግን የኬሚስቶች ቋንቋ ተዘበራረቀ። ለአንዱ ኦክስጅን 8 ነው፣ ለሌላው 16፤ ለአንዱ ካርቦን 6 ነው፣ ለሌላው 12። ውሃን «ኤች ኦ» ብሎ የሚጽፍና «ኤች ቱ ኦ» ብሎ የሚጽፍ ፕሮፌሰር በአንድ መጽሔት ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። አውጉስት ኬኩሌ በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ ለአሴቲክ አሲድ ብቻ፣ ማለትም ለኮምጣጤው አሲድ፣ በሥራ ላይ የነበሩ 19 ቀመሮችን ደርድሮ አሳየ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አንድ ተማሪ የአስተማሪውን እኩልታ ሌላ ከተማ ወስዶ ቢያሳይ አልተመጣጠነም ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም አስተማሪዎች ግን በየራሳቸው ልክ ነበሩ።

መስከረም 3 ቀን 1860 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ 140 የሚያህሉ ኬሚስቶች በጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ ተሰበሰቡ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ኬሚስቶች ለመስማማት ሲሰበሰቡ የመጀመሪያቸው ነው። ለሦስት ቀን ተከራከሩ። ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች አንዱ የ34 ዓመቱ ሲሲሊያዊ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ነበር። በ1848ቱ የሲሲሊ አመፅ ተሳትፎ ወደ ፈረንሳይ የተሰደደ፣ በኋላ ጄኖዋ ገብቶ የሚያስተምር ሰው ነው። አቮጋድሮ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ካኒዛሮ ሐሳቡን ከመቃብር አወጣው።

መንገዱ ይህ ነው። ጋዞች በእኩል ይዘት እኩል ሞለኪውል ካላቸው የእንፋሎታቸውን ክብደት በማወዳደር የሞለኪውላቸው ክብደት ይታወቃል። ከዚያ ኦክስጅን ያለባቸውን ሁሉ መደርደር ነው። በ18 እጅ ውሃ ውስጥ 16 ኦክስጅን አለ፤ በ28 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ 16፤ በ44 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ 32፤ በ32 እጅ ኦክስጅን ጋዝ ውስጥ 32። ከ16 ያነሰ በጭራሽ አይገኝም። አንድ የኦክስጅን አቶም 16 ነው ማለት ነው፤ ውሃም ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ክርክር አያስፈልገውም፤ መደርደር ብቻ ይበቃል።

ስብሰባው በድምፅ ምንም ሳይወስን ተበተነ። የካኒዛሮ ወዳጅ አንጄሎ ፓቬዚ ግን ጓደኛው ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ ለተሳታፊዎቹ አደለ። ጀርመናዊው ሎታር ማየር ወደ ቤቱ ሲመለስ አነበበው፤ ጥርጣሬው ሁሉ እንደተገፈፈለት በኋላ ጻፈ። ከአዳራሹ ውስጥ የነበረው ወጣት ሩሲያዊ ድሚትሪ ሜንዴሌቭም አዲሶቹን ክብደቶች ይዞ ሄደ፤ በ1869 የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የሠራው በእነሱ ነው። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ «ኤች ቱ ኦ» በየመማሪያ መጽሐፉ ሰፈነ።

ቀመሩ ሲረጋ አዲስ ጥያቄ መጣ፤ እንዴት በፍጥነት ይመጣጠን? መዳብ በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ መዳብ ናይትሬት፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ውሃ ይገኛሉ። ይህንን በግምት የሞከረ ተማሪ መድከሙ አይቀርም። በ1878 ቦቶምሊ የተባለ እንግሊዛዊ እያንዳንዱን ያልታወቀ ቁጥር በፊደል ሰይሞ ለየንጥረ ነገሩ አንድ አንድ የአልጀብራ እኩልታ መጻፍ እንደሚቻል አሳየ። ላቮዋዚዬ ከ89 ዓመት በፊት የተመኘው ይህንን ነበር። መልሱ 3 መዳብ፣ 8 አሲድ፣ 3 መዳብ ናይትሬት፣ 2 ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ 4 ውሃ ነው። በ1880 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኦቲስ ጆንሰን ሌላ አቋራጭ አወጣ፤ መዳቡ በ2 ከፍ ይላል፣ ናይትሮጅኑ በ3 ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ 3 መዳብ ለ2 ናይትሮጅን። ከፍና ዝቅ የሚለው ምን እንደሆነ ግን ያኔ ማንም አላየውም፤ ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው።

በ1884 ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለሚሄዱ ለውጦች የእኩል ምልክቱን በሁለት ተቃራኒ ቀስቶች ተካው። በርሊን ውስጥ ደግሞ ሃንስ ላንዶልት የእኩልነቱን መሠረት ራሱን ፈተነ። ሁለት እግር ባለው የታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሁለት ፈሳሾችን ለየብቻ አድርጎ ይመዝናል፤ ያጋድለውና ያዋህዳቸዋል፤ እንደገና ይመዝናል። በ15 የተለያዩ ለውጦች ላይ ለዓመታት ደጋገመው። መጀመሪያ ጥቂት ጉድለት ያየ መስሎት ነበር። ቱቦው በለውጡ ሙቀት ተለጥጦ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ቀናት እንደሚፈጅበት ሲደርስበት ጉድለቱ ጠፋ። በ1908 ሚዛኑ ሊለየው የሚችል ምንም ለውጥ የለም ብሎ ደመደመ።

በ1927 በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኤሪክ ጄትና ቪክተር ላሜር የጆንሰንን ከፍና ዝቅ ወደ ኤሌክትሮን ቆጠራ ቀየሩት። ለውጡን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ለብቻ፣ የሚቀበለው ለብቻ። ሐምራዊው ፐርማንጋኔት በአሲድ ውስጥ በሟሟ ብረት ላይ ጠብ ሲል ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል፤ ብረቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። አንዱ ፐርማንጋኔት 5 ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ አንዱ ብረት 1 ይሰጣል፤ ስለዚህ 5 ብረት ያስፈልጋል፤ ከፐርማንጋኔቱ አራት ኦክስጅኖች 4 ውሃ ለመሥራትም 8 የሃይድሮጅን አዮን ይገባል። አቶሙ ከተቆጠረ በኋላ ቻርጁም ይቆጠራል። በግራ አንድ ኔጌቲቭ፣ 8 ፖዘቲቭና ከ5ቱ ብረቶች 10 ፖዘቲቭ፣ ድምሩ 17 ፖዘቲቭ፤ በቀኝ ከማንጋኒዙ 2፣ ሦስት ሦስት ከያዙት 5 ብረቶች 15፣ ድምሩ 17።